እናቴ ባኞ የገባችበት ጳጉሜ

ባለቤቴ ምንውየለት ዛሬ ጠዋት ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ፒንሳውንና የቧንቧ ቁልፉን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባ። የባኞው ቧንቧ ማንጠብጠብ ከጀመረ ሰንብቷል። መጀመሪያ በጨርቅ አሰርነው፤ ቀጥሎ በላስቲክ ጠቀለልነው፤ እንዲያው ጠብ ሲል ስደፍን ሆነን ከረምን። ትናንት ግን አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ውኃው ወደ ግድግዳው መሄድ ሲጀምር፣ አፉን ነቅሎ በአዲስ ከመለወጥ በቀር መላ እንደሌለው ተስማማን። ምንውየለት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ፊቱ ይበራል።

«ባኞውን ባዶ አድርጊልኝ» አለኝ።

ሞጣ ውስጥ ባኞ ያለው ሰው ገላውን ይታጠብበታል ብሎ የሚያስብ እንግዳ ብቻ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ባኞ ማለት የተጋደመ በርሜል ነው። እናም በኅዳር ብርድ እጅጌዬን ሰብስቤ ውኃውን በባልዲ እየጨለፍሁ ወደ ጀሪካን ገለበጥሁት። ምንውየለት አሮጌውን አፍ ነቅሎ እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ዝገቱና የረጠበው ግድግዳ አንድ ላይ ሸተቱኝ። ያ ሽታ ይዞኝ ብቸና ገባ፤ የልጅነቴ ቤት፣ ከጓሮ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ።

አባቴ ሹፌር ነበር። አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ ሲመለስ በእህል ጆንያ ፋንታ ትልቅ ነጭ ባኞ ጭኖ መጣ። ከፈረሰ የሀብታም ቤት የተገኘ ነው አለ። ከመኪናው ላይ ሲወርድ ለማየት የሰፈሩ ሰው ወጣ፤ አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም የሬሳ ሣጥን መስሏት አማትባለች። አባቴ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «የሻረግ፣ እስከ አንገትሽ ትነከሪበታለሽ! አዲስ አበባ ያሉ እመቤቶች እንዲህ ነው የሚታጠቡ» አላት እናቴን። በጓሮ በኩል ከቤቱ ጋር የተያያዘች ክፍል ሠራ፣ ቧንቧ አስገባ፣ ከባኞው ሥር የምትወጣውን ቱቦ ደግሞ በአጥር ወደተከለለው ጌሾ መራት።

እናቴ እንስራ ተሸክማ ያደገች ሴት ናት። ያን ሁሉ ውኃ ለአንድ ገላ ማዋል ኃጢአት መሰላት መሰለኝ፣ ባኞውን ሞልታ በቆርቆሮ ከደነችው። ከዚያ እየተጨለፈ ወጥ ተሠራበት፣ ጠላ ተጠመቀበት፣ ልብሳችን ታጠበበት። እኛም እሷም እንደ ድሯችን በሳፋና በጣሳ ገላችንን መታጠባችንን ቀጠልን። አባቴ «ምነው፣ መቼ ነው የምትገቢበት?» እያለ ሲያሾፍባት፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ትስቃለች። ስትከድነው ግን አንዳንዴ እጇን በነጩ ጠርዝ ላይ ታንሸራትተው ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስባለሁ።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት የባኞው ቧንቧ አፍ ተሰነጠቀ። ውኃው ግማሹ ወደ ባኞው፣ ግማሹ ወደ ኋላ በጭቃው ግድግዳ ይወርድ ጀመር። ጭድ የተቀላቀለበት ምርጊት አበጠ፤ አንድ ቀን ጠዋት ነጫጭ እንጉዳይ አብቅሎ አገኘነው። አባቴ ግድግዳውን በጣቱ ጫን አድርጎ ሲያየው ጣቱ ሰመጠ።

«በቃ፣ ቤት ሊንድብን ነው። ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ለወንድሜ ወስጄ እሰጠዋለሁ፤ ለከብት ማጠጫ ይሁነው» አለ። አጎቴ በሉማሜ በኩል ገበሬ ነው፤ ባኞውን ካየው ጊዜ ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበታል።

እናቴ «እሺ» አለች። የእናቴን እሺ አውቀዋለሁ፤ አንዳንዱ እሺ ከእንቢ ይብሳል።

በዚያው ክረምት ጉልበቷ ደግሞ እንቢ አላት። እናቴ ጳጉሜ በገባ ቁጥር ገና ሳይነጋ ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ ወርዳ ጠበል ሳትጠመቅ ዓመት ተለውጦባት አያውቅም። ያን ዓመት ግን ቁርጥማቱ ከመደብ እንኳ በምርኩዝ ነበር የሚያስነሳት። የጳጉሜ መጀመሪያ ቀን ደጃፍ ተቀምጣ፣ ጠጉራቸው ረጥቦ እየሳቁ የሚመለሱትን ሴቶች አንድ በአንድ ስትስም አየኋት። ሁሉም ካለፉ በኋላም እዚያው ቆየች። ወንዙም ባኞውም በአንድ ሳምንት ሊቀሩባት ነው፤ ወንዙን ማምጣት አልችልም፣ ባኞውን ግን ላስቀርላት እችላለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ቧንቧው ካላፈሰሰ አባቴ ምን ሊል ነው?

ብቸና ውስጥ ልኩ ስላልተገኘ በማግሥቱ ሞጣ ሄድሁ። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ያን መንገድ አየዋለሁ። ጭቃው ከአውቶቡሱ ጎማ ሥር ይጮሃል፤ የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ በሩቁ ተቀምጧል፤ ጤፉ ገና ለጋ ነው፤ በየድንበሩ አደይ መፈንዳት ጀምራለች። መኪና በቆመበት ሁሉ የበቆሎ እሸት ጥብስና በአዋዜ የተለወሰ ትኩስ ድንች በመስኮት ይቀርባል። ከእሸቱ አንዱን ገዝቼ ፍሬ በፍሬ እየፈለፈልሁ በላሁ፤ እንዳያልቅብኝ። ያኔ ይህች ሞጣ የኋላ ኋላ ቤቴ ትሆናለች ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር።

ሱቅ ለሱቅ ስዞር ችግሩ የዕቃው ስም ሆነ።

«የባኞ ምን?» አለኝ አንዱ ባለሱቅ።

«አፉ።»

«ባኞ ደግሞ ምን ይናገራል ብለሽ ነው አፍ የምትገዥለት?» ብሎ ሳቀብኝ። ከሳቀ በኋላ ግን ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ አሮጌ ከባድ ነሐስ አወጣ። የተሰበረውን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ጥርሱን ከጥርሱ አስተያየን፤ ገጠመ። ስመለስ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበው ነበር፤ እኔ ነሐሱን ጭኔ ላይ አቅፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በነጋታው ሩፋኤል ነው። በሩፋኤል ሰማይ ይከፈታል፣ የወረደው ዝናብ ሁሉ ጠበል ነው ይባላል፤ ልጆች ገና ከጠዋቱ ራቁታቸውን ደጅ ወጥተው ዝናቡን ይጠሩ ነበር። እኔ ሐሳቤ ሌላ ነው። ግድግዳው እንዲመረግ ባኞው ፈቀቅ ማለት አለበት፤ ፈቀቅ እንዲል ውኃው መውጣት አለበት። ጀሪካኖቹን ደርድሬ፣ ቆርቆሮውን አንስቼ፣ ጣሳዬን ልነክር ስል ከኋላዬ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ናት። ከእሷ ኋላ የነፍስ አባታችን አባ ምሕረት ጃንጥላቸውን እያራገፉ ይመጣሉ። ደካማ ባለበት ቤት ሁሉ እየዞሩ ጠበል ሊያደርሱ ወጥተው ነው።

«ውኃው እዚህ ነው አባ» አለች እናቴ።

አባ ምሕረት ባኞውን አዩ፤ እሷን አዩ። «ይኸ ሁሉ?»

«ያለን ይኸው ነው።»

አባ ሌላ አልጠየቁም። መጽሐፋቸውን ገልጠው ረጅሙን ጸሎት አደረሱ፤ ሲጨርሱ መስቀላቸውን ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ነከሩት። እኔ ጣሳዬን ታቅፌ ቀረሁ። ጠበል ወጥ አይሠራበትም፣ ልብስ አይታጠብበትም፣ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም።

«አባ፣ ይኸን ሁሉ ጠበል ምን እናድርገው?» አልኋቸው።

«ጠበል በዛብኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «ይጠጣ፤ ገላ ይነካ። የሻረግ፣ ወንዝ መውረድ ቢያቅትሽ ወንዙ ወጥቶልሻል።»

ጎረቤቶች ሰምተው በማሰሮና በጠርሙስ ወሰዱ። ባኞው ግን ከወገቡ በላይ እንደ ሞላ ነበር፤ አፉን ነቅዬ በእንጨት የወተፍሁት ቧንቧም ይጨምርበታል። በመጨረሻ ሲታክተኝ፣ «እምዬ፣ መውረጃውን ልክፈተውና ጌሾው ሥር ይፍሰስ፤ እዚያ ማንም አይረግጠው» አልኋት።

«ገላ ሳይነካ?» አለች ደንግጣ። «ነውር ነው።»

ከዚያ እጇን በነጩ ጠርዝ ላይ አንሸራተተች። «ጥሩዬ፣ በሩን ዝጊው። አንቺ ግን ውስጥ ቅሪ» አለችኝ።

ትከሻዬን ይዛ በውስጥ ልብሷ ገባች። ብርዱ እንደ ልጅ አስጮሃት፤ ላሙቅልሽ ብላት «ጠበል አይሞቅም» አለችኝ። እያቃሰተች፣ እየሳቀች፣ ቀስ በቀስ ተቀመጠች። ውኃው ወደ አንገቷ ወጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ከደጅ የልጆች ጩኸት ይሰማል፤ በጣራው ሽንቁር የገባች ብርሃን ውኃው ላይ ትዋዥቃለች። ስንት ወር ያንገላታት ጉልበት ራሱን ችሎ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። እናቴ ሲንሳፈፍ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አይከብደኝም» አለች በሹክሹክታ። «ጥሩዬ፣ ምንም አይከብደኝም።»

ጀርባዋን አሸኋት። የእናቴን ጀርባ እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። ትከሻና ትከሻዋ ላይ የእንስራ ገመድ የሠራው መስመር አለ፤ ቆዳዋ እዚያ ላይ ጠቁሮ ደንድኗል። ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ ተሸክማለች፤ በዚያ ቀን ውኃው ተሸከማት። እዚያው ላይ አለቀስሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አላየችኝም። ቧንቧው እግሯ ጣት ላይ ጠብ ጠብ ሲል በጨርቅ ልይዘው ስነሳ፣ «ተይው፣ ያንጠብጥብ» አለችኝና ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ልጅነቷ ወንዝ አወራችኝ፤ ሳትዳር በፊት ከእኩዮቿ ጋር ስለምትዋኝበት ጥልቅ ቦታ። እናቴ ዋና እንደምትችል ያኔ ነው ያወቅሁት። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፤ ስትወጣ ጣቶቿ ተጨማደው ነበር።

ጠበሉ በመውረጃው ወደ ጌሾው ሄደ። ባኞውን ፈቀቅ አድርጌ ግድግዳውን መረግሁ፤ በክሩ ላይ ቃጫ ጠምጥሜ የሞጣውን ነሐስ አሠርሁት። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣም። የዘመን መለወጫ ዋዜማ አባቴ ከመንገድ ሲመጣ አሳየሁት፤ እሱ ግን ለወንድሜ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ ክችች አለ።

«እሱስ ልክ ነህ» አለች እናቴ ረጋ ብላ። «ግን ጠበል የተደረሰበትን ዕቃ ከብት ሊጠጣበት?»

አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጎቴም በባኞው ፋንታ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ደረሰው። እኔን ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖረ። እናቴ «ያለን ይኸው ነው» ባለችበት ዕለት ማድቤት ያለው ጋን በውኃ የተሞላ ነበር፤ በዋዜማው ማታ ከሞጣ ስመለስ የሞላሁት ራሴ ነኝ። ከዓመታት በኋላ ብጠይቃት፣ «ምኑን ትመረምሪዋለሽ? አባ ካህን ናቸው፣ ውኃውም ውኃ ነው» ብላ አለፈችኝ። ዕድሜዋ እስኪያልቅ በየዓመቱ ለሩፋኤል ትገባበት ነበር። በቀረው ጊዜ ያው በቆርቆሮ ተከድኖ የወጥ ውኃ ነው።

«ጥሩዬ! ገጥሜዋለሁ፤ ውኃም መጥቷል። ልሙላው?» ይላል ምንውየለት ከወዲያ።

ሄጄ ባኞውን አየሁት። ባዶና ነጭ ነው። በዚህ ቤት ስንኖር አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። ሳላውቀው እሷን ሆኛለሁ፤ ለሁሉም የሚበቃ፣ ለራስ የማይበቃ ውኃ ጠባቂ። እናቴ ለራሷ ውኃ ለመፍቀድ ካህን አስፈለጋት። እኔስ ጳጉሜን ልጠብቅ ብል ገና ኅዳር ነው፤ ጉልበቴም ከአሁኑ ማጉረምረም ጀምሯል።

«ሙላው፤ ሁለቱን ትልልቅ ድስት ደግሞ ጣዳቸው» አልሁት።

«ምን ልትቀቅይ ነው?»

«እኔን።»

ፒንሳውን እንደያዘ ቆሞ አየኝ፤ ቀልድ መስሎታል። ውኃው ሲሞላ፣ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሲሸፍነው፣ ሊወጣ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

«በሩን ዝጋው» አልሁት። «አንተ ግን ውስጥ ቅር። ጀርባዬን የሚያሸኝ ሰው እፈልጋለሁ።»