ችካል እየተከተልን ወደ እንጦጦ

ከላይ መናፈሻው አለ፤ ከታች ሕዝቡ አለ። ከቀበና ተነስቶ በእግሩ ወደ እንጦጦ መውጣት የሚፈልግ ሰው ግን ወይ ከመኪና ጋር እየተጋፋ፣ ወይ በጭቃ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ብዬ የእግረኛ መንገድ ነደፍኩ። ሥራዬ ይህ ነው፤ አረንጓዴ ቦታዎችን አቅዳለሁ። አብዛኞቹ ዕቅዶቼ ገንዘብ እየጠበቁ መሳቢያ ውስጥ ያረጃሉ። ይህኛው ግን ዕድል ቀናው፤ አንድ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት "መንገዱን በእግራችን እንየውና እንወስናለን" አለ። ከወደዱት መንገዱም፣ አግዳሚ ወንበሮቹም፣ የልጆች መጫወቻውም፣ የቅዳሜ ጠዋት የስፖርት ፕሮግራሙም ይሠራሉ። ካልወደዱት መሳቢያው ጠፍቶ አያውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የካ አባዶ

ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ወርጄ ታክሲ ተራው ስደርስ ሰልፉ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ከኋላ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተጠጋጋሁ። የተጠቀለለው ካርታዬ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የፊት ለፊቴን ሰውዬ ማጅራት ይወጋል። በአራተኛው ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"መናፈሻ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው የሣሩን ወገን ወደ እኔ አዙሪልኝ።"

መገናኛ ወርጄ ሌላ ታክሲ ይዤ ሾላ ገበያ ደረስኩ። ለመንገድ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዛሁ፤ ሦስት ብርጭቆ ቆሎም በስልሳ ብር አሰፈርኩ። ቆሎ ሻጯ ካርታዬን አይታ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

"እንጦጦ፣ በእግር።"

"ስለት አለብሽ?"

"ኧረ ሥራ ነው።"

"በእግር መሄድ ሥራ ከሆነ" አለች ላስቲኩን እየቋጠረች፣ "እኔ የስንት ዓመት ደመወዝ ነው የቀረብኝ!" ብላ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቀበና ድልድይ

አለቃዬ አቶ ግዛው ነጭ አዲስ የስፖርት ጫማ አድርገው ቀድመውኝ ቆመዋል። አቶ ግዛው ስለ እግር ጉዞ ጥቅም በስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰማ ሰው፣ ከመኪናቸው እስከ ሊፍቱ ካልሆነ በእግራቸው እንደማይሄዱ አይጠረጥርም። ከጎናቸው ከድርጅቱ የተላኩት ወይዘሮ ትርሲት ነበሩ፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሸራ ጫማ ያደረጉ ጡረተኛ መሐንዲስ።

አቶ ግዛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ቀስ እያልን እንሂድ፤ ሴትየዋ ላይ እንዳይከብድ" አሉኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሴትየዋ ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ አቶ ግዛው ከኋላ ሆንን። ወንዙን ተከትለን፣ ልብስ በተሰጣበት አጥር ሥር፣ በተሸረሸረ የድንጋይ ደረጃ ወጣን። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ ለእነሱ ጥግ እየያዝን እናሳልፋለን። ወይዘሮ ትርሲት ሁሉንም ሰላም ይላሉ። አቶ ግዛው ሰላም ማለት የሚያስችል ትንፋሽ አልነበራቸውም።

እስከዚህ ሁሉ ነገር እንደ ዕቅዱ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ሆኜ ስልሳ ሁለት ችካል በዚህ ዳገት ላይ ተክያለሁ። እያንዳንዱ ጫፉ ቀይ ተቀብቷል፤ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከሚቀጥለው ሃምሳ እርምጃ ይርቃል። የዛሬው ሥራችን እነሱን ተከትሎ መውጣት ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን አሥራ አንድ ደረስን። ቀጥሎ ያገኘነው ሃያ ሰባት ነበር።

ወይዘሮ ትርሲት ቆሙ። "ከአሥራ አንድ ቀጥሎ ሃያ ሰባት ነው?"

"የቴክኒክ አቆጣጠር ነው" አሉ አቶ ግዛው ላባቸውን እየጠረጉ።

"ሠላሳ ዓመት መሐንዲስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን አቆጣጠር አላውቀውም።"

"አዲስ ነው።"

እኔ የማውቀው መንገድ ከዚያ ወደ ግራ፣ አንድ የድንች ማሳ አጥር ይዞ ይወጣ ነበር። ችካሎቹ ግን ወደ ቀኝ ታጥፈዋል። በዚያች ደቂቃ "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ገንዘቡ ከእጃችን ሲወጣ ታየኝና አፌን ዘግቼ ተከተልኩ።

ሠላሳ ሦስት ቁጥር ላይ አህያ ታስራለች። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ፣ የቆርቆሮ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ተተክሏል። ሦስታችንም ፊት ለፊቱ ቆመን ቁጥሩን ስናነብ ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

"ሰው አለ!"

"ይቅርታ!" ብለን በአንድ አፍ ጮኸን ወደ ፊት ሸሸን። የሚቀጥለው ችካል፣ አርባ ቁጥር፣ የሁለት ሰው ቁመት ጥልቀት ያለው ገደል አፋፍ ላይ ወደ ባዶው አዘንብሎ ቆሟል። ከእሱ ወዲያ ምንም የለም።

ወይዘሮ ትርሲት ቁልቁል አዩ። "እዚህ ላይ ምን ልትሠሩ አሰባችሁ? ድልድይ?"

"በሁለተኛው ምዕራፍ..." ብለው አቶ ግዛው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲሉ ነጩ ጫማ ከዳቸው። ላለመውደቅ ያገኙትን ቅጠል ጨመደዱ፤ ያገኙት ሳማ ነበር። የዚያን ጊዜ ያሰሙት ጩኸት ውሾቹን ሁሉ ቀሰቀሰ።

"ወዴት ነው የምትሄዱት? በዚያ ሰው አይሄድም!" እያሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጓሮው ብቅ ያሉት፣ ድምፃቸውን ከቆርቆሮው ውስጥ የሰማናቸው ሴት ናቸው። ስማቸው ወይዘሮ ዘነበች ይባላል።

"ችካሉን ተከትለን እኮ ነው" አልኳቸው።

"የማንን ችካል? ይሄ ጎረቤቴ ቱሉ አይደል እንዴ ከእሱ አጥር ነቅሎ እኔ በር ላይ የተከለው! ጠዋት ስነሳ በሬ ቀይ በቀይ ሆኗል። ቀይ ቀለም ምን እንደሆነ አላውቅም? ቤቱ ሊነሳ ነው ማለት ነው። እኔም ከበሬ ነቅዬ አንዱን ወደ ጓሮ፣ አንዱን ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰድኩ፤ የቀሩትን ገደል ውስጥ ጣልኳቸው። ገደል ባለቤት የለው፤ ማን ይከሰኛል?"

ወይዘሮ ትርሲት ወደ አቶ ግዛው ዞሩ። "አዲሱ አቆጣጠር ይህ ነው?" አቶ ግዛው ሳማ የለበለበውን እጃቸውን አከኩ።

አራት ሰዓት፣ የአባባ ቱሉ ቤት

አባባ ቱሉ ደጃቸው ላይ ድንች እየለዩ አገኘናቸው። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ችካሎቹ ስንጠይቃቸው አልካዱም።

"ነቅያለሁ" አሉኝ። "ሃምሳ ሃምሳ እርምጃውን ግን ጠብቄ ነው የተከልኩት። የለፋሽበትን ሥራ ላበላሽ አልፈለግኩም።"

ወዲያው ወደ ባለቤታቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወይዘሮ ትርሲት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በኦሮምኛ መለሱ። ሽማግሌው ደነገጡ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። በኋላ እንደተተረጎመልኝ አባባ ቱሉ "ወፍራሙ ሰውዬ ሊወድቅ ነው፣ ቶሎ የሚበላ ስጪው" ነበር ያሉት። ወይዘሮ ትርሲትም "እኛም ርቦናል" ብለው ነው የመለሱት።

የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበ፤ እኔም ሙዙንና ቆሎውን አወጣሁ። እየበላን ሳለ ወይዘሮ ትርሲት ለምን ችካሎቹን እንደነቀሉ ጠየቋቸው። አባባ ቱሉ የያዙትን ድንች አስቀመጡ።

"እኔ ችካልን አውቀዋለሁ። አባዶ እርሻ ነበረኝ። አንድ ቀን ቀያሾች መጥተው ችካል ተከሉ። ፀሐዩ የከረረ ነበርና እርጎ አጠጣኋቸው። በዓመቱ እርጎውን የሰጠችው ላም የምትግጥበት አጣች። ካሣ ሰጥተውኛል፤ አልዋሽም። ግን አንድ ሰው እንኳ አስቀድሞ 'ቱሉ፣ አንተ ምን ትላለህ?' አላለኝም። ይህ የሚስቴ አባት ቦታ ነው። ከዚህ ወዴት እሄዳለሁ?"

ወይዘሮ ትርሲት ወደ እኔ አዩ። "አንቺስ ጠይቀሻቸው ነበር?"

"አልጠየቅኩም" አልኩ። "በሩ ዝግ ነበር። ተመልሼ እመጣለሁ ብዬ ሳልመለስ ቀረሁ።" ከዚያ ለአባባ ቱሉ መንገዱ ከአጥራቸው ውጭ እንደሚያልፍ፣ ከማሳቸው አንድ ስንዝር እንደማይነካ ካርታውን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ስለ ቅዳሜው የስፖርት ፕሮግራምም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"የት ነው የምትኖሪው ልጄ?"

ለመዋሸት አስቤ ነበር። "የካ አባዶ" አልኩ።

"ስንተኛ ፎቅ?"

"አራተኛ።"

አሰቡ። "እኔ ጤፍ ስዘራ እዚያ አራተኛ ፎቅ አልነበረም።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የቀረኝን ድንች ግን ወደ ሳህኑ መለስኩ።

ስድስት ሰዓት፣ እንጦጦ ጫፍ

አባባ ቱሉ "ችካሉን ተዉት፤ ኑ እኔ የምሄድበትን ላሳያችሁ" ብለው ከፊት ከፊት መሩን። መንገዳቸው ከእኔው ይልቅ ይጠመዘዛል፤ ግን አያዳልጥም፣ አያደክምም። መሃሉ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ የተከበበ ምንጭ አለ። አቶ ግዛው እጃቸውን እዚያ ነክረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

"ይህን መንገድ ለምን አልነደፍሽውም?" አሉኝ።

"በሳተላይት ፎቶው ላይ ባሕር ዛፉ ሸፍኖታል።"

"ብትጠይቂው ሰው ግን አይሸፍነውም ነበር" አሉ ወይዘሮ ትርሲት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ካርታዬን ከእጄ ሊነጥቀኝ ታገለ። ከተማዋ ከሥራችን ተዘርግታለች፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ያብለጨልጫል፤ ክሬኖቹ ይዞራሉ፤ ድምፁ ግን እዚህ አይደርስም። አባባ ቱሉ በስተምሥራቅ በጣታቸው እያመለከቱ የድሮ እርሻቸውን ፈለጉ። ሕንጻዎቹ ይመሳሰላሉና አላገኙትም። እኔም ቤቴን ፈልጌ አጣሁት።

ስምንት ሰዓት፣ ቁልቁለቱ ላይ

ስንመለስ ወይዘሮ ዘነበች ሰባት ችካል እንደ ማገዶ አቅፈው ከገደሉ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ አገኘናቸው። ድንቹን ስንበላ አጥር ተደግፈው ሁሉን ሰምተዋል።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ስፖርተኛ ይመጣል ያላችሁት እውነት ነው?" አሉ እያለከለኩ። "ስፖርተኛ ሻይ ይጠጣል?"

"ሳይጠጣ አይቀርም" አልኩ።

አሥራ ሁለት ቁጥርን በራቸው ላይ ሊተክሉ ጎንበስ ሲሉ አባባ ቱሉ ደረሱ። "ይሄ የእኔ ችካል ነው! መጀመሪያ የተተከለው እኔ አጥር ላይ ነው!"

"አልፈልግም ብለህ ነቅለኸው የለም እንዴ?"

"አሁን ፈለግኩ!"

አንዳቸው በቀዩ ጫፍ፣ ሌላቸው በሹሉ ይዘው ተጓተቱ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አቶ ግዛው ሊገላግሉ ገብተው ክርን ቀመሱ። በመጨረሻ ወይዘሮ ትርሲት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"በዚህ ካርታ ገንዘብ አይወጣም!"

 እኔ ካርታዬን መጠቅለል ጀመርኩ።

"ሁለት ወር ሰጥቻችኋለሁ" ሲሉ ቀጠሉ። "ተመልሼ በእግሬ አየዋለሁ። እስከዚያ፣ ችካል የነቀሉትን ሰዎች ስም ሁሉ ጻፊልኝ።"

ወይዘሮ ዘነበች ችካሉን ለቀቁት። "ለክስ ነው?"

"ለኮሚቴ ነው። መንገድ በየት ማለፍ እንደሌለበት እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ በየት ማለፍ እንዳለበትም ያውቃል።"

ከዚያ አንድ ሰው ከአጥር ወዲያ "እኔም አንድ ነቅያለሁ!" አለ። "እኔ ሁለት!" አለች ሌላዋ። አህያ ያሰረው ሰውዬ እየሮጠ መጥቶ፣ ማሰርም እንደ መንቀል ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ስጽፍ፣ ከተነቀሉት ችካሎች ይልቅ ነቃዮቹ በዙ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

ወደ አባዶ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ካርታዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ ስለ ቀኑ አሰብኩ። ትምህርት ቤት ስለ ዳገት ተዳፋትነት፣ ስለ ውሃ ማፋሰሻ፣ ስለ ወንበር ቁመት ተምሬያለሁ። ዝግ በር ሲያጋጥም ተመልሶ ማንኳኳት የሚባል ትምህርት ግን አልነበረም፤ ቢኖርም ቀርቼ ይሆናል። ወይዘሮ ትርሲት ያየነውን ገደል አልቆጠሩብኝም። የቆጠሩብኝ አስቀድሜ አለመጠየቄን ነው። ልክ ናቸው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የጨው ውሃ አሙቆ በሳፋ አቀረበልኝና ደብተሬን አንስቶ የስም ዝርዝሩን አነበበ። ከአባባ ቱሉ ስም ጎን "ዘነበች ጸሐፊ ከሆነች አልመጣም" ተብሎ ተጽፏል። ከወይዘሮ ዘነበች ስም ጎን ደግሞ "ጸሐፊ" ተብሎ ተጽፏል።

"እና መንገዱ በየት ነው የሚያልፈው?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት፣ እግሬን ውሃው ውስጥ እየከተትኩ። በዚህ ሥራ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ይህን ቃል ሳላፍር ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።