ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

በጎንደር አዲስ ዓለም ከሐጂ ዐብዱልከሪም ቤት የወጣ ሁሉ ጨርቅ ይሸጣል፤ ፈህሚያ ብቻ ብሎን ትፈታለች። እናቷ «ሜትር መያዝ ያቃታት!» እያሉ ሲያሾፉባት፣ «ጨርቅማ ማንም ይቀድዳል» ትላቸዋለች። ቁጡ ናት፣ ምላሷም አያርፍም፤ ግን ሥራዋን ስትወድ ጉድ ነው! የሞተ ኮምፒውተር ሲነሣላት ፊቷ እንደ ዒድ ጠዋት ይበራል።

በሁለት ሺህ ስድስት ጥቅምት ላይ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ክንዱ ደወለላት። «ፈህሚያ፣ ድረሽልኝ! ሰርቨሩ ዲስኮቹን አላውቃቸውም አለ!» ክንዱ ያን ሰርቨር የሚሉትን ትልቅ ኮምፒውተር ከጨረታ አሮጌውን ገዝቶ፣ የቀረጸውን ሰርግ ሁሉ በአራት ዲስኮች ያጠራቅምበታል። ጨርሶ ማስረከብ ላይ ግን አይጣል ነው፤ በጥር የቀረጸው ሰርግ ለጥቅምት እንኳ አልደረሰለትም።

ስቱዲዮው ስትገባ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አያ የሻው ናቸው፣ ከትክል ድንጋይ። በጥር ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጸው ክንዱ ነው፤ በሐምሌ ሚስታቸው ትርንጎ ሞተችባቸው። ትርንጎ ፎቶ እንኳ አልነበራትም። መልኳም ድምፅዋም የቀረው እዚያ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ሸጋ አድርገሽ ፈልጊያት» አሏት።

ሰርቨሩ ጥግ ላይ እንደ ሙሽራ ተሸፍኗል። በሩ ሥር የተቀመጠችው የክንዱ ሚስት ሸዋአየሁ፣ ወፍራም ገበር ያለው ዳንቴል ሠርታ ከአናቱ እስከ እግሩ አልብሳዋለች። የእኛ ሰው መቼም ቴሌቪዥኑንም ራዲዮኑንም ሳያለብስ አያድርም! የፈህሚያም ቤት ያው ነውና፣ ከፊቱና ከጎኑ ገለጥ አድርጋ ወደ ሥራዋ ገባች።

አስነሣችው። «ምንም ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጎኑን ከፍታ ዲስኮቹን ዳሰሰች፤ ይሽከረከራሉ። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው። አንዱን ዲስክ ነቅላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው፤ ይኼኛው ወዲያው አየውና «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ እሺ በይው!» አለ ክንዱ እጁን እየሰደደ።

እጁን መታችው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ቪዲዮው ለአራቱ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ብቻውን ምን ያውቃል? እሺ ብትለው እኮ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ሴትዮዋን ሁለተኛ ገደልካት!» ካለች በኋላ ደነገጠች። አያ የሻው አንገታቸውን ደፍተዋል።

ዲስኮቹ ደኅና፣ ገመዱም ደኅና ከሆኑ፣ የቀረው ዲስኮቹን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ካርድ ነው። ነካችው። «ዋይ!» ካርዱ ፍም ሆኗል።

«ክንዱ፣ ጠዋት ጠዋት ሰርቨሩ ዲስኮቹን ያያቸዋል እንዴ?»

«አዎ፤ ከሰዓት ነው የሚጠፉት።»

«ታዲያ ምነው አትናገርም!» ዞር ብላ ዳንቴሉን አየችው። ከኋላ የማሽኑን የሙቀት መውጫ ገበሩ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። «ሸዋአየሁ፣ በሞቴ! ይኼ ካርድ እኮ ታፍኖ ነው። ሲግል ዲስኮቹን ይረሳል።»

ሸዋአየሁ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ፈህሚያን ግን ሳቅ አሸነፋት። «እኔስ አይቼው አላለፍኩም? ተይው፣ ያንቺ ብቻ አይደለም።»

ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ማሽኑን አጠፋች፣ የነቀለችውን ዲስክ ቦታው መለሰች፣ ካርዱ ፊት ማራገቢያ አቆመች። ሻይ ጠጥተው ቆዩ። ስታስነሣው አራቱም ዲስኮች ብቅ አሉ፤ ካርዱም የአራቱን የቀድሞ ስብስብ ልቀበል ወይስ ልሰርዝ ብሎ ጠየቀ። ፈህሚያ «ቢስሚላህ» ብላ ተቀበል አለችው።

ክንዱ ሰርጉን ከፈተ። ዳሱ፣ እልልታው፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው አሳላፊ። ከመሀል አንዲት ቀጭን ሴት፣ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ወደ ካሜራው ዞረች። «አንተ የሻው! ምነው ሰው ሲበላ ትዞራለህ? ና እንጂ፣ ቀዘቀዘ!»

«አቤት! መጣሁ!» አሉ አያ የሻው፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ።

ማንም አልሳቀም። ፈህሚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «አያ የሻው፣ ደግማ ትጥራዎት?» አለቻቸው።

«ትጥራኝ እንጂ፣ ልጄ» አሉ፣ እንደ ቆሙ።