የጠብታ ማሽን

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ ሕጻናት ናቸው። መርፌ ሲያዩ በጩኸት ጣሪያ ለሚነቅሉ ልጆች «አንድ ጠብታ ብቻ! ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ አንቺ የኔን ትቀጃለሽ» እያለች ስታባብል ስሙ ተለጠፈባት። ቀስ በቀስ ነርሶቹም፣ ጥበቃዎቹም፣ በመጨረሻም የገዛ እናቷ ተቀበሉት። የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች፤ ሥራዋንም ትወደው ነበር። ታላቅ እህቷ ባትሞት ኖሮ እዚያው ማይክሮስኮፕ ላይ እንዳጎነበሰች ጡረታ ትወጣ ነበር።

እህቷን የገደላት ኩላሊቷ ነው። የኩላሊት ክፋቱ ድምፅ ሳያሰማ መጎዳቱ ነው። እህትየው እግሯ ሲያብጥ ጫማዋን እየወቀሰች፣ ሲደክማት «እርጅና ቀድሞ መጣ» ብላ በራሷ እየቀለደች ከረመች። ምርመራ የታዘዘላት ቀን የሆስፒታሉ ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ናሙናዋ ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

የእህቷ ባል ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ሱቁን ቆልፎ ከረመና አንድ ጠዋት ጢሙን አጎፍሮ ጠብታ ደጃፍ ላይ ተገተረ።

«ያ ማሽን ለምንድን ነው ያን ያህል ትልቅ የሆነው?» አላት፣ ግባ እንኳ ሳትለው። «ደሙ ምን ይሆናል? ብርሃኑ በየት ይገባል? የሚሠራውን ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላውን ለኔ ተይው።»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የተበላሹ ቴሌቪዥኖች እስከ ጣሪያው በተደረደሩባት፣ ግንቧ ወፍራም በሆነ ቀዝቃዛ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ተፋጠው ተቀመጡ። እሷ ደም ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ትቀባለች፤ እሱ ቀለሙን አይቶ ቁጥር የሚናገር ሳጥን ይገጣጥማል። ስንት ጊዜ እንደከሸፈባቸው እነሱ ናቸው የሚያውቁት። በመጨረሻ ግን በእጅ የሚያዝ፣ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ወስዶ ስለ ኩላሊት የሚናገር ሳጥን ተሠራ። የሆስፒታሉን ማሽን ውጤት ከነሱ ውጤት ጋር ሲያስተያዩት ተቀራረበ። ያን ቀን የእህቷ ባል ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሱቁን ዞረ።

ጠብታ ሆስፒታሉን ለቀቀች። እናቷ ራሳቸውን ይዘው «ሰው ሥራ የሚለቀው የተሻለ ሲያገኝ ነው፤ አንቺ ለካርቶን ብለሽ ለቀቅሽ?» አሉ።

ካርቶኑ ግን ብዙ ጠየቀ። እሱ የሱቁን ዕቃ እያወጣ ሸጠ፤ እሷ ቁጠባዋን ጨረሰች፤ ዘመድ ስልካቸውን ሲያይ አላነሳ ማለት ጀመረ። እጅ ባጠራቸው ሰዓት ነው የከተማው አስተዳደር ለአካባቢው ጀማሪ ድርጅቶች የሚሆን የኢኮኖሚ ልማት ገንዘብ ማዘጋጀቱን የሰሙት። ማዘጋጃ ቤት ተመላልሰው ጫማቸው አለቀ። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይልካቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል።

«ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ?» አላቸው አንዱ ሠራተኛ።

«ለጊዜው ሁለታችን ነን» አለች ጠብታ።

«ብሎኬት የሚያመርቱት እኮ ሃምሳ ናቸው።»

«ብሎኬት ኩላሊት አይመረምርም» አለ የእህቷ ባል። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

ማሽኑ ሕዝብ ውስጥ ወጥቶ መሥራቱን አሳዩ ሲባሉ፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በግቢው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጣቸው። ክፍሏ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነበር። በጋውን ሙሉ ጠብታ እዚያ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ መረመረች፦ ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪ፣ ሹፌር፣ ነፍሰ ጡር። አብዛኛውን «ደህና ነህ፣ ሂድ» እያለች ሸኘች። ሰው ደህና ነህ ሲባል ፊቱ ሲፈካ ማየት ደስ ይላት ነበር።

ማሽኑን ገንዘቡን ለሚሰጠው ኮሚቴ የሚያሳዩበት ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ተራቸው እስኪደርስ ዕቃቸው ግቢው ውስጥ፣ በተዋሷት መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ቆየ። ሲጠሩ ላባቸውን እየጠረጉ አዳራሽ ገቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሸምገል ያሉ፣ ሳቂታ፣ ሱፋቸው ላይ አንዲት እድፍ የማትታይ ሰው ናቸው።

«ሌላ ሰው ከማስቸገር እኔኑ ውጊኝ» ብለው ጣታቸውን ዘረጉ። «ከስብሰባ የተረፈ ደም ካለኝ።» ኮሚቴው ሳቀ።

ቁጥሩ ወጣ። ጠብታ አየችውና በሌላ ወረቀት ደገመችው። ያው ነው።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ለብቻዎ ብናወራ…»

«ምን የሚደበቅ አለ? ተናገሪ እንጂ!»

«ኩላሊትዎን መታየት አለብዎት። ዛሬውኑ።»

የሰብሳቢው ፈገግታ ፊታቸው ላይ ተረስቶ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ፊት አመድ መስሏል። ከዚያ ከኮሚቴው አንዲት ሴትዮ ወንድማቸውን በዚሁ በሽታ እንዳጡ እያለቀሱ ተናገሩ። «ይህ ማሽን ባይኖር እኚህንም ባጣናቸው ነበር» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ውሳኔው እዚያው ተሰጠ፤ ገንዘቡ ለነሱ ሆነ። የእህቷ ባል ኮሪደሩ ላይ ግንባሩን ከግድግዳው አስደግፎ ተንሰቀሰቀ። «ሰማሽ?» ይላል፣ «ሰማሽ አይደል?» ለጠብታ አልነበረም የሚናገረው።

ደስታው ሳይበርድ የድሮ አለቃዋ፣ የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ኃላፊ፣ ስልክ ደወሉላት።

«የሰብሳቢውን ደም ሠራሁት፤ ደገምኩትም። ሰውዬው ንጹሕ ናቸው። አንድም ነገር የለባቸውም።»

«ምናልባት…» አለች።

በማግስቱ ሰብሳቢው ቢሯቸው አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉ። ከመቃብር አፋፍ የተመለሰ ሰው ነበር የሚመስሉት፤ ቁጣም ደስታም ተደባልቆባቸዋል።

«ቤቴን ልቅሶ ቤት አድርገሽው ነበር እኮ! ባለቤቴ እስካሁን አልተረጋጋችም። ግድ የለም፣ ይቅር ብያለሁ። ማሽን ይሳሳታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ነገሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ውሳኔው ወደ በላይ አካል ሄዷል፤ ያ ሁሉ ጭብጨባ በስህተት ነበር ብል መሳቂያ የምሆነው እኔ ነኝ። ውሉ እስኪፈረም አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። ተግባባን ልጄ?»

በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ሱቅ ስትደርስ፣ ያን ቀን ዕቃው መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው መዋሉን አስባ፣ የመመርመሪያ ወረቀቶቹን ከፍላ ግማሹን ጥላ ውስጥ አኖረች፤ ግማሹን መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታች። ከዚያ የራሷን ጣት ወጋች። ጥላ ውስጥ የዋለው ደህና ነሽ አላት። ፀሐይ የመታው አንዱ በሽተኛ አደረጋት፤ ሌላው ደግሞ ከጤነኛም በላይ ጤነኛ ነሽ አላት። ያን ጊዜ የቆርቆሮ ክፍሏ ትዝ አለቻት፤ የተመርማሪዎቹ ግንባር ላይ የሚንቆረቆረው ላብ፣ እሷም በካርቶን ክዳን ስታራግባቸው። አንድ ውስጡ ባዶ የሆነ ቴሌቪዥን ላይ ተቀመጠች።

የሆነውን ሁሉ ለእህቷ ባል ነገረችው።

«ገንዘቡ ይምጣ» አለ። «ማቀዝቀዣ እንገዛለን፤ ወረቀቱን እናሻሽላለን፤ ከዚያ ሰዎቹን ጠርተን እንደገና እንመረምራለን። አሁን ብታወሪ ገንዘቡም ይቀራል፣ ማሽኑም ይሞታል። ማን ይጠቀማል?»

«ደህና ናችሁ ያልኳቸው ሰዎችስ?»

«ትንሽ ቢቆዩ ምን ይሆናሉ?»

«እህቴ ትንሽ ቆይታ አይደል የሞተችው!»

«እሷን ከዚህ ነገር አታስገቢያት!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ። «ከሷ የቀረኝ ይሄ ሳጥን ነው። ሌላ ምን አለኝ? አንቺ እናት አለሽ።»

እውነቱን መናገር ካስፈለገ ጠብታ ያን ጊዜ ዝም አለች። የሱ ነገር ልክ መሰላት፤ ልክ እንዲሆንም ፈለገች። ውሉ የሚፈረምበትን ቀን እየጠበቀች ቤት ዋለች። እህል አልወርድ አላት። እናቷ «ገንዘብ ያገኘ ሰው እንዲህ ነው የሚከሳው?» ሲሏት ፊቷን አዙራ ተኛች።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ዳቦ ጋጋሪው የሁለት ልጆች አባት፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ወጠምሻ ነው። በጋውን ቆርቆሮዋ ክፍል መጥቶ ነበር።

«ዶክተሬ!» አላት ከምድጃው ፊት። «እንደ በሬ ነህ ብለሽኝ የለ? በሬው ደከመው እንግዲህ!» እየሳቀ ከባንኮኒው ወጣ። ነጠላ ጫማ አድርጓል። ዓይኗ እግሩ ላይ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ የለም፤ እብጠቱ ውጦታል፤ የጫማው ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። የእህቷን እግር ነው ያየችው።

«ሽርጥህን አውልቅና ተከተለኝ» አለችው።

«ዳቦው ይቃጠላል እኮ!»

«ይቃጠል!»

ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ውጤቱን ከድሮ አለቃዋ እጅ ተቀብላ ስታይ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳው፤ ከኩላሊቱ የቀረው ጥቂት ነው፤ ከእንግዲህ ደሙ በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖረው። በጋ ላይ ቢመጣ ኖሮ በመድኃኒት ሊያዝ ይችል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ፈዝዞ አደመጠና ወደ ጠብታ ዞረ።

«በጋ ላይማ መጥቼ ነበር» አለ።

ከዚያው በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ለሰብሳቢው ነገረቻቸው። ዓይኖቻቸውን ጨፍነው ሰሟት። ሲገልጧቸው አላዩዋትም፤ በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው ነበር የሚመለከቱት። «ውጪልኝ» አሉ። ገንዘቡ ለብሎኬት አምራቾቹ ተሰጠ።

የተመረመረውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ መፈለግ ጀመረች። ጤና ጣቢያው ወረፋ እየያዘ ሆስፒታል እንዲልካቸው ተስማማ፤ ሰዎቹን ማሳመን ግን የሷ ዕዳ ሆነ። አንዱ ሰደባት፤ ሌላዋ በሩን ፊቷ ላይ ወረወረችው። ሹፌሩ «በሽተኛ ነህ ብለሽኝ ሥራዬን ትቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ምን ልትይኝ ነው?» ብሎ አንገቷን ሊያንቅ ተንደረደረ። የዚያን ቀን ማታ እናቷ ጫማቸውን አወጡ። ከማግስቱ ጀምሮ ከፊቷ እየቀደሙ በር የሚያንኳኩት እሳቸው ሆኑ። «አሮጊት ፊት በር አይዘጉም» ይላሉ። ሲገቡ «ልጄ አጥፍታለች፤ ሰድባችኋት ስታበቁ ግን ተመርመሩ» ይሉ ነበር። ብዙዎቹ ሄዱ። ከነሱ መሃል ደህና ተብለው ደህና ያልነበሩ ሌሎችም ተገኙ። ጥቂቶቹ በጊዜ ተደርሶባቸዋል። ሁሉም ግን አይደሉም፤ አስተማሪዋን ሲያፈላልጓት ቤተሰቦቿ ጥቁር ለብሰው ነው ያገኟቸው። ጠብታ ያን ቤት ከደጁ አላለፈችም። ገብተው የተቀመጡት እናቷ ናቸው።

የእህቷ ባል ሱቁ ላይ በማሽኑ ስም የሰቀለውን ምልክት አውርዶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቷ ታመው ሊጠይቅ መጥቶ፣ ከበሩ ላይ ሳይገባ «ወረቀቱ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚበላሸው?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ሰምቶ ሄደ።

ሆስፒታሉ መልሶ አልቀጠራትም። አሁን አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ ደም ትቀዳለች፤ ናሙናውን የሚመረምሩት ሌሎች ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ለክትትል ሲመጣ ወደሷ ነው የሚላከው። ሚስቱ እስከ በሩ ታደርሰውና ውጭ ትቀራለች፤ ሰላምታም አትሰጣት፣ ዓይኗንም አታነሳም። እሱ ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ባለሙያ ይምጣልህ ብላው ነበር።

«ለምን?» አላት። «አንቺ ደም ሥሬን አውቀሽዋል። ሌላው ሲፈልግ ክንዴን ወንፊት ነው የሚያደርገው።»

ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሷ ክንዱን አስራ በጣቷ ትዳብሳለች። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ይመልስላታል።