ከወዲያ በኩል የያዝኩት ጣውላ

ትናንት ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ልጠግን ብዬ ከጓሮ አንድ ረጅም ጣውላ ይዤ ስመጣ፣ ጎረቤቴ ምናሴ ከኋላዬ ደርሶ «ኧረ ይተው አባባ» ብሎ ጫፉን ያዘልኝ። ወፍጮ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው፤ ሽማግሌ ሲሸከም አይቶ አያልፍም። እኔ ግን «ልቀቅ» ብዬ ጮኽኩበት። ጣውላው ከሁለታችንም እጅ ወደቀ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ ምስኪን። ምንም አላጠፋህም ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ በሩን ግን ሳልጠግነው ዋልኩ። ምናሴ ያደረገው እኔ ሪያድ ያደረግኩትን ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ ብል ሰው ይስቅብኛል። ሃምሳን ልደፍን ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጉልበቴ ግን ገና አልከዳኝም ነበር፤ ዛሬ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ሳየው ለኔ ወጣትነት ማለት ያ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ አራት ነበር። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ የለኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፍተሻው ጠንክሮ ስንቱ የአገሬ ልጅ በአውቶብስ ተጭኖ ሲሄድ፣ ሱወይዲ በሚባል ሰፈር ስምንት ሆነን በተከራየናት ክፍል ተሸሽጌ ተርፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ የቀን ሥራ ፍለጋ መንገድ ዳር መቆም የማይታሰብ ሆነ። ረዳታቸው አድርገው ያስጠጉኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ጋሽ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው፣ አናጢ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ነበር። ሪያድን ሠላሳ ዓመት ኖረውባታል፤ ወረቀታቸውም የተሟላ ነው። የሚሠሩት ሺፋ ሰፈር፣ አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ቤት ነበር። አቡ ፈሃድ እንለዋለን። እንጨት ስለሚወድ ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ወርክሾፕ ሠርቷል፤ ራሱ ግን መጥቶ የሰጋቱራውን ሽታ ስቦ ከመሄድ በቀር ምስማር አይመታም። እኔን ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ ወረቀቴን ጠይቆኝ አያውቅም። አይቶ እንዳላየ ነው። ሰው ቢነግርበት ግን እኔም እሱም መከራችን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ወርክሾፗ መሃል ባለጠረጴዛው መጋዝ ቆሟል። ክቡ ምላጭ ከጠረጴዛው ስንጥቅ ብቅ ብሎ ይሽከረከራል፤ አንተ ጣውላውን እየገፋህ ታቀርብለታለህ። አሮጌ ነው፣ መከለያውም ሲመጣ ጀምሮ የለም። ጋሽ ሰይድ እንደ ተራጋጭ በቅሎ ነበር የሚይዙት፤ ከኋላው በቀጥታ አይቆሙም፣ ሁልጊዜ ፈንጠር ብለው በጎኑ።

ምላጩን ሲያስተካክሉ መጀመሪያ ሶኬቱን ይነቅላሉ። ነቅለውም አይተዉትም፤ ገመዱን ስበው ሶኬቱን ጠረጴዛው ላይ ከዓይናቸው ፊት ያኖሩታል። ካላየሁት ተነቅሏል አልልም ይላሉ። ቀጥሎ ጣውላውን ከምላጩ ጎን አድርገው፣ የጥርሱ ጫፍ ብቻ ከላይ ብቅ እስኪል ድረስ ምላጩን ዝቅ ያደርጉታል። ከዚያ ቾክ ይወጣል። ከጥርሶቹ አንዷን ይቀቡና፣ ከእሷ አንስቶ ጣውላው ተደግፎት እስከሚሄደው ብረት ድረስ ይለካሉ። ምላጩን በእጅ አዙረው ያችኑ ጥርስ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ይወስዱና ደግመው ይለካሉ። ሁለቱ ልክ ፀጉር ያህል ከተለያየ ብረቱን እንደገና ይፈቱታል። እኩል ካልሆነ ጣውላው መሃል ላይ ይጣበቃል፣ ተስፈንጥሮም ሰው ይመታል። የክፍላችን ልጆች «ዶክተር ሰይድ» ብለው ይቀልዱባቸው ነበር፤ ጣውላውን ሳይመረምሩ አይቆርጡም እያሉ። እሳቸው ግን በየሳምንቱ ዓርብ ኮምቦልቻ ላለው አናጢ ልጃቸው ሲደውሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ሶኬቱ፣ ቾኩ፣ አለመቸኮል።

የመጀመሪያ ቀን ቀለበቴን አስወለቁኝ፣ እጅጌዬን አስጠቀለሉኝ። ጓንት ላጠልቅ ስል ከእጄ ወሰዱት፤ ምላጩ ጓንቱን ከያዘ እጅህንም አይለቅልህም አሉ። ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ እኔ ዞሬ በወዲያኛው በኩል ቆምኩና የሚወጣውን ጣውላ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ማሽኑን አጠፉት። እስኪቆም ጠብቀው ነበር የተናገሩት።

«ወንድሜ፣ ያሳደገህ ሰው እንዳለ አየሁ። ሽማግሌ ሲለፋ ቆሞ ማየት አይሆንልህም። እዚህ ግን ጨዋነትህን በሩ ላይ አንጠልጥለህ ግባ።»

ነገሩን አስረዱኝ። የሚገፋው ሰው ግራ እጁን ጣውላው ላይ ጫን አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ከወዲያ የሚስብ ካለ ጣውላው ከእጁ ሥር ይሸሻል፣ እጁም ተከትሎ ይሄዳል። ገባኝ። ለወራት አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ቆርጠው ማሽኑን ሲያጠፉ ብቻ ነበር ወደ ጣውላው የምቀርበው።

ረመዳን መጣ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን አልፎ አናት ይቀቅላል። አቡ ፈሃድ ለዒድ ብሎ ያዘዘው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ጋሽ ሰይድ ጾመው ይሠራሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከውኃ ጋኑ ጀርባ ተደብቄ እጠጣና አፌን ጠርጌ እመለሳለሁ። አይተውኝ ምንም ብለውኝ አያውቁም። ማታ ሲያፈጥሩ ከሾርባውም ከሳምቡሳውም ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነበር። ይሄ ሳይሆን አይቀርም ልቤን የሚበላኝ የነበረው።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አዛን ሊል ሲል ነበር። ሶኬቱን ነቀሉ፣ ከፊታቸው አኖሩት፣ ጥርሷን ቾክ ቀቡ፣ ሁለት ጊዜ ለኩ። ምንም አላጎደሉም፤ ይህን የምለው ቆሜ ስላየሁ ነው። ሶኬቱን መልሰው ሰክተው፣ ቢስሚላህ ብለው የመጨረሻዋን ረጅም ጣውላ መግፋት ጀመሩ። ከንፈራቸው ደርቋል። ጣውላዋ ከግማሽ ስታልፍ የወዲያኛው ጫፍ ከብዶ ወደ ታች ማዘንበል ጀመረ፣ እሳቸውም ያንን ለመቋቋም ግራ እጃቸውን ሲጫኑ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ልኬቱ ሳይጀመር ውኃዬን ጠጥቼ ነበር የመጣሁት። አላሰብኩም። ማሰብ ብሎ ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲከብደው አየሁና እጄ ራሱ ሄደ። ጫፉን ይዤ ወደ እኔ ሳብኩላቸው።

የመጋዙ ድምፅ ተለወጠ እንጂ ጩኸት አልሰማሁም።

«አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት። ሽርጣቸውን ጠቅልለው እጃቸውን አሰሩበት። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም። ሊያነጋግሩኝ ሲዞሩ ፊታቸው እንደ አመድ ነበር፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ሂድ። እዚህ አልነበርክም። ሐኪም ቤት ይጠይቁኛል፣ ብቻዬን ነበርኩ እላለሁ። ያላ፣ በኋላ በር።»

ሄድኩ። ከሺፋ ሱወይዲ ድረስ በዚያ ሐሩር በእግሬ ሄድኩ፤ ሱሪዬ ላይ ሰጋቱራ ነበር፣ መንገዱን ሁሉ ሳራግፈው። አቡ ፈሃድ ራሱ በመኪናው ሐኪም ቤት እንዳደረሳቸው ኋላ ሰማሁ።

ወሬው ክፍላችን ከደረሰ በኋላ ልጆቹ በሐዘን አወሩ፣ ትንሽም ሳቁ። ዶክተሩ ራሱ ታመመ አለ አንዱ። ሌላው፣ ያ ሁሉ ቾክ ምን ፈየደ፣ እርጅና ነው፣ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል አለ። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ሩዝ እየበላሁ ነበር። አቡ ፈሃድም እንደዚያው አሰበ፤ ሽማግሌው ከእንግዲህ መሣሪያ መያዝ የለበትም ብሎ፣ በክብርም ቢሆን፣ የመጨረሻ መውጫቸውን፣ ማለትም ጠቅልሎ ወደ አገር የመመለሻ ፈቃዳቸውን፣ አስጨረሰላቸው።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በተዘጋው ወርክሾፕ በር ላይ አገኘኋቸው። እውነቱን ለአቡ ፈሃድ ልንገረው አልኳቸው።

«ተው። ጣት አይበቅል። አንተን ግን ይጭኑሃል። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ልጅዎስ? ለልጅዎ ምን ይሉታል?»

ምነው ይህን ጥያቄ ባልጠየቅኩ። «ቸኮልኩ እለዋለሁ» አሉኝ። «ሌላ ምን እለዋለሁ? ሰው ነበር ካልኩ ማን ነው ይለኛል፣ እሱ ደግሞ ለሰው ይናገራል።» ከዚያ ከወደቀው ፍልጥ አንዲት ስስ እንጨት አንስተው የልጃቸውን ስልክ በእርሳስ ጻፉልኝ። አገር ስትገባ ብቅ በል አሉኝ። በአንድ ሙሉ እጅና በአንድ ጎዶሎ እጅ አቀፉኝ።

እውነቱን ደብቀው ያተረፉልኝ ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላም። መንገድ ላይ ተያዝኩ፣ ተጫንኩ፣ አገሬ ገባሁ። ኮምቦልቻ ብቅ አላልኩም። ዛሬ ነገ ስል ከሦስት ዓመት በፊት ከሪያድ የምንተዋወቅ ሰው አግኝቶኝ ጋሽ ሰይድ ማረፋቸውን ነገረኝ። መቼም ጠንቃቃ ነበሩ፣ መጨረሻ ላይ ግን ቸኮሉ አለኝ ሰውዬው። እሺ ብዬ ተለያየን።

ትናንት ሌሊቱን ይህን ሳስብ አደርኩ። ጣታቸውን የወሰደው ጨዋነቴ ነው፤ እሱ ይቅርታ አለው ብዬ አምናለሁ። ስማቸውን የወሰደው ግን ዝምታዬ ነው፣ እሱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ለኔ የሚፈራ ነገር ካለቀ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ለራሴ እፍረት ስል ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንጨቷን ከሳጥኔ አወጣኋት። እርሳሱ ደብዝዟል፣ ይነበባል ግን። ምናሴ ቁጥሩን መትቶ ስልኩን ሰጠኝ። ከወዲያ የጎልማሳ ድምፅ አቤት አለ፤ ከጀርባው ያ ድምፅ፣ መጋዙ፣ ይጮኻል።

«መጀመሪያ አጥፋው ልጄ» አልኩት።

አጠፋው። ምላጩ ቀስ እያለ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። ከዚያ ነገርኩት፦

«አባትህ አልቸኮሉም።»