ከፖም ዛፉ ማዶ የቆመው ዲሽ

ሙሂዲን ለንደን ውስጥ፣ ኤድመንተን ነው የሚኖረው፤ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ይነዳል። ከሃርልስደን እስከ ስቶክዌል ያለው ሐበሻ ግን ለብዙ ዓመታት የሚያውቀው በሹፌርነቱ ሳይሆን በዲሽ አስተካካይነቱ ነበር። ረመዳን ሲቃረብ ወይም ፋሲካ ሲደርስ፣ የአገር ቤት ቴሌቪዥን የጠፋበት ሁሉ እሱን ይጠራል። እሱም ከሥራ ኦፍ በሆነበት ቀን መሰላሉን መኪናው ላይ ጭኖ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ወጥቶ ዲሹን በመዳፉ ገፋ መለስ ያደርግና፣ ከሳሎን «መጣ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ይወርዳል። ምሳ ሳያበሉት የሚሸኙት ቤት አልነበረም።

ከዚያ ሰዉ ሁሉ በስልኩ ማየት ጀመረ። ዲሾቹ ግድግዳ ላይ ዝገው ቀሩ፤ ገሚሶቹም ተጣሉ። ሙሂዲን አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ ነገሩ ቅር ብሎት ነበር። የስቶክዌሉ ወዳጁ ብርሃኑ ቤት ሲቀይር ትልቁን ዲሽ «ትወስደዋለህ ወይስ ልጣለው?» ቢለው፣ መኪናው ጣሪያ ላይ በገመድ አስሮ ከተማውን አቋርጦ አመጣው።

ሚስቱ መይሙና በር ላይ ቆማ ሲያወርድ አየችው። ቤት ለቤት እየዞረች አዛውንቶችን የምትንከባከብ፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት።

«ይሄን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?»

«እኔንጃ» አላት። «ሲጣል ግን ማየት አልቻልኩም።»

ለዲሹ ሥራ የተገኘለት ቆይቶ ነው። እረፍት ክፍል ውስጥ አብሮት ሻይ የሚጠጣ አንድ ሹፌር፣ ደመናን ከላይ ሆነው ፎቶ የሚያነሱ ሳተላይቶች እንዳሉና ፈቃድ ያገኘ ሰው ምስሉን በራሱ ዲሽ እቤቱ ሊቀበል እንደሚችል አጫወተው። ሙሂዲን ያኔውኑ ለፈቃዱ አፕላይ አደረገ። በብርዱ ወራት ዲሹን ጓሮው ውስጥ የብረት ምሰሶ ላይ ተከለው፤ ኬብሉንም በወጥ ቤቱ መስኮት አስገብቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው።

የመጀመሪያው ምስል የመጣ ጠዋት መይሙና ሻይዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ እስከ አውሮፓ ሰሜን ያለው ምድር፣ ደመናው እንደ ተነደፈ ጥጥ ተበትኖበት ስክሪኑን ሞልቶታል።

«ይሄ ሁሉ ነጭ ደመና ነው?»

«ደመና ነው።»

«እኛስ የት ነን?»

ሙሂዲን ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። እንግሊዝ ግን አልታየችም፤ ደመናው ሸፍኗታል።

«ይሄንንማ በመስኮት አየዋለሁ» ብላ ሳቀች። ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ ምስሉን ሳታይ ለሥራ አትወጣም። ጃንጥላ መያዝና አለመያዟን የምትወስነው እዚያ ቆማ ነው።

ሜይ ሲገባ ምስሉ ተበላሸ። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ጥቁር መስመር ታየበት፤ በኋላ ግማሹ እየጠፋ ይመጣ ጀመር። ሙሂዲን ንፋስ ዲሹን አንቀሳቅሶት ነው ብሎ አሰበ። ብሎኖቹን አላልቶ ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ቀኝ መለሰው፣ ቀና አደረገው። ከዲሹ ፊት ያለችውን መቀበያ ጥቂት በጥቂት አዞራት። መይሙና ወጥ ቤት ሆና ምድጃውንም ኮምፒውተሩንም ትጠብቃለች።

«የሲግናሉ ኳሊቲ ስንት ነው?»

«ወርዷል።»

«አሁንስ?»

«እንደዚያው ነው።»

«አሁንስ?»

«ሙሂዲን፣ ሽንኩርቱ እያረረብኝ ነው።»

ኬብሉን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። የሰውን ሁሉ ዲሽ ሲያስተካክል ኖሮ የራሱ አልታዘዝ አለው። እራት ላይ ሳይቀር ዓይኑ ከመስኮቱ አይነሳም። መይሙና ይሄ ስላልተመቻት አንድ ቀን እሷው ወጥታ ዲሹ ጀርባ ቆመች።

«ሳተላይቱ ያለው በየት በኩል ነው?»

ወደ ደቡብ፣ ከጎረቤቱ ጣሪያ ከፍ አድርጎ አሳያት።

«እኔ ቅጠል ብቻ ነው የማየው» አለችው።

ሙሂዲን ቀና ብሎ አየና ምሰሶውን ተደግፎ ሳቀ። ዲሹን ሲተክል ዛፉ ቅጠሉ ረግፎ ነበር። ዛፍ ሲግናል እንደሚከለክል ለስንቱ ሰው ሲነግር የኖረው እሱ ራሱ ነው።

ዛፉ የእትዬ አስካለማርያም ነው። ጓሮ ለጓሮ የሚዋሰኑ ጎረቤታቸው ናቸው፤ መካከል ያለው የእንጨት አጥር ደግሞ አንድ ጣውላው ስለተነሳ በዚያ ይተላለፋሉ። ፖሙን የተከሉት ባለቤታቸው ጋሽ ተክለአብ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እትዬ ወንበራቸውን ከሥሩ አውጥተው መቀመጥ ይወዳሉ።

«አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ብንጠይቃቸው እኮ እምቢ አይሉም» አለች መይሙና።

«እምቢ ስለማይሉ ነው የማልጠይቃቸው።»

ጓሯቸው ጠባብ ነው፤ የትም ቢያዛውረው ዛፉ ይጋርደዋል። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ጣሪያው ላይ መስቀል አልተፈቀደላቸውም። ሙሂዲን ኮምፒውተሩን አጠፋና መፍቻዎቹን ወደ ሳጥናቸው መለሰ።

ሰው ሲጠፋ ቶሎ የሚያስተውሉት እትዬ አስካለማርያም በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ሙሂዲን፣ ምነው ከጓሮ ጠፋህ? አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ውሸቱን ነው» አለች መይሙና ልብስ ከምታሰጣበት ሆና። «የእርስዎ ፖም ዲሹን ጋርዶበት ነው። እንዳይነግርዎት ከኔ ጋር ሲከራከር ነው የሰነበተው።»

ሙሂዲን መሬት መሬት አየ። እትዬ ዛፉንም ዲሹንም ተራ በተራ ተመለከቱ።

«ፖሙ አይቆረጥም» አሉ። «ዲሹ ግን እግር ባይኖረው አንተ አለህ። ለምን አሻግረህ እኔ ዘንድ አትተክለውም? ከዛፉ ማዶ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ሼድ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ።»

«እትዬ፣ ጓሮዎን ላበላሽብዎት ነው።»

«ጓሮዬ ዘመድ ይፈልጋል።»

በሳምንቱ ምሰሶውን ነቅሎ ሼዱ አጠገብ፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ አድርጎ ተከለው፤ ኬብሉንም ቀጥሎ በአጥሩ ሥር አሳለፈው። ከዚያ ሆኖ ወጥ ቤት ያለችውን መይሙናን መስማት ስለማይችል ስልክ ደወሉ፤ ስልኩን ጆሮው ሥር የያዙለት እትዬ ናቸው። ሙሂዲን ዲሹን ገፋ ባደረገ ቁጥር መይሙና የሚታያትን ትናገራለች፤ እትዬ ደግሞ ያልሰማ ይመስል ይደግሙለታል።

«ኳሊቲው ወጣ፣ አለች።»

«ሰማሁ እትዬ።»

«አሁን ወረደ አለች። አለፍከው መሰለኝ። ቀስ በል እንጂ።»

ቀስ አለ። መቀበያዋን በጣቶቹ መሃል ይዞ ትንሽ አዞራት። የመይሙና ድምፅ በስልኩ መጣ። «ተወው። እንዳትነካው። ሙሉ ነው።»

እትዬ ምስሉን ሊያዩ በአጥሩ በኩል ተሻገሩ። ወንበር ስበው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ከላይ ሲያዩት ደስ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ታች ስንሆን ነው የሚከብደው።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይደውላሉ። ልብስ ላስጣ ወይስ ልተው ነው ጥያቄያቸው። ሙሂዲን ምስሉ ደመናውን እንጂ ዝናቡ በማን ልብስ ላይ እንደሚወርድ እንደማይናገር ቢያስረዳቸውም አልተቀበሉትም፤ አንዴ አንሶላቸው የራሰባቸው ቀን እስከ ማታ አኩርፈውት ዋሉ።

ኦክቶበር ላይ ከአትላንቲክ አንድ ትልቅ ማዕበል እንደ እባብ ተጠቅልሎ ሲመጣ ሙሂዲን ምስሉ ላይ ቀድሞ አየው። ለጎረቤቱም ለሥራ ባልደረቦቹም ነገረ። የእትዬን የአበባ ማሰሮዎች ሼድ አስገባላቸው። የራሱን ዲሽ ብሎኖች ማጥበቅ ግን ረሳ። ንፋሱ ሲያልፍ ዲሹ ፊቱን ወደ ሼዱ አዙሮ ተገኘ፤ ሙሂዲን ደግሞ ሺፍት ገብቶ ስለነበር መይሙና በስልክ ነገረችው።

ማታ ደክሞት ሲመለስ ኮምፒውተሩን የከፈተው ጥቁር ስክሪን እየጠበቀ ነው። ምስሉ ግን ጥርት ብሎ መጣ።

«ማን ነካው?»

«እትዬ ናቸው» አለች መይሙና ወጥ እየጨለፈችለት። «እኔ ኳሊቲውን እያነበብኩላቸው። ሁለት ሻይ አልጨረስንበትም።»

እንደማያምን ሰው ወጥቶ በአጥሩ ተሻገረ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በእጁ ሞከራቸው፤ ሁሉም ጠብቀዋል። እትዬ በወጥ ቤታቸው በር አንገታቸውን አወጡ።

«አንተ ኃይል ታበዛበታለህ» አሉት። «እሱ የሚፈልገው በትንሹ ነካ ማድረግ ብቻ ነው።»

«እሺ እትዬ» አላቸው ሙሂዲን። እየሳቀ ወደ ወጡ ተመለሰ።