አማቴ «ያልታወቀ ደራሲ» አይደሉም

አማቴ ጋሽ ጩማ በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ባለፈው ዓመት በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ በዓል መድረክ ላይ የሞቱ ስላስመሰሏቸው ነው። ሶዶ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት አስተዋዋቂው፣ «አሁን የምንሰማው ደራሲው ያልታወቀ ጥንታዊ ዜማ ነው» አለ። ደራሲው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል፤ ትልቁን ልጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

ጥንታዊ! ያ ዜማ የተሠራው ለእኔ ሠርግ ነው። እኔ ደግሞ ገና ሁለተኛ ልጄን እያጠባሁ ነው።

ጋሽ ጩማ የተወለዱት ገሱባ አካባቢ ነው። አጎታቸው ከዲንካ ነፊዎች ጋር በየሠርጉና በየለቅሶው ሲዞር እየተከተሉ፣ ትንሿን መለከት መንፋት ጀመሩ። ዲንካን ለማያውቅ፣ ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠሩ መለከቶች ናቸው፤ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ሲጥል ሌላው እየተቀበለ ዜማው ከሁሉም ይወጣል። ስለዚህ ዜማውን ብቻውን ልንፋ የሚል ሰው አይችልም። ሙሉው ያለው ከሠራው ሰው ራስ ውስጥ ነው።

የፊት ጥርሳቸው ከረገፈ ወዲህ ጋሽ ጩማ መንፋቱን ትተው ዜማ መሥራት ብቻ ያዙ። ሲያስተምሩ ነፊዎቹን ጓሮ፣ እንሰቱ ጥግ፣ በረድፍ ያቆሙና ከኋላቸው ይመላለሳሉ። ትከሻ ይነካሉ፤ የተነካው ይነፋል። ውሎ አድሮ መንካቱን ይተዉታል፣ ዜማው ግን ራሱን ችሎ ይሄዳል። የገሱባ መንገድ ሲጠረግ አንድ ዜማ ሠሩ። ባለቤታቸው ቦሼ ስትሞት ሌላ ሠሩ፤ እሱን ሰው ሲያስነፋባቸው ተነስተው ይወጣሉ። ሰው ሁሉ የወደደው ግን የእኔን ሠርግ ዜማ ነው።

በበዓሉ ላይ የተጫወተው የባህል ቡድን አስተባባሪ ኢሳይያስ ይህን ዜማ የተማረው እዚሁ እኛ ጓሮ ነው። የቡድኑን ልጆች ይዞ ሲመላለስ ጎደሬ እየቀቀልኩ አብልቻቸዋለሁ። የእሱም ትከሻ ተነክቷል። ታዲያ ያልታወቀው ማን ነው?

ያን የበዓል ቀን ማታ ባለሱቋ ጎረቤቴ ዛራ መጣች። የቱርክ ድራማ አያመልጣትም።

«አንቺ፣ ድራማው ሲያልቅ የዜማው ደራሲ ስም እኮ ያልፋል። ኢስታንቡል ያለውን ሰውዬ አውቀን፣ አጥር የሚጋሩንን ሰው እናጣቸው?»

ጋሽ ጩማ ግን፣ «ተዉት፣ ልጆቼ» አሉ። እሳቸውም ተዉት። ያን ጊዜ ለተወለደችው ልጄ አንድ ዜማ ጀምረው ነበር። ግማሹ ላይ ጣሉት። መለከቶቹን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ዓመቱን ሙሉ የአንድ ሰው ትከሻ ሳይነኩ ከረሙ። ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ዝምታቸው ነው።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ኢሳይያስ እንደለመደው መለከቶቹን ሊዋስ ሰው ላከ።

«ስጫቸው» አሉ ጋሽ ጩማ።

ሰጠሁ። ትልቁን ግን አልጋ ሥር አስገባሁት።

በማግስቱ ኢሳይያስ ራሱ በባጃጅ ከተፍ አለ።

«አስካለች፣ ትልቁስ?»

«ትልቁ ስም እየጠበቀ ነው።»

«የምን ስም?»

«ዜማውን የሠራውን ሰው ስም።»

ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሕዝብ ቅርስ ነው። የአንድ ሰው ስም ከጠራንበት ክብሩ ይቀንስብናል። እንግዳውም የሚያጨበጭበው ጥንታዊ ሲባል ነው።»

«ለእኔ ሠርግ የተሠራ ዜማ ነው ጥንታዊ? እስቲ እየኝ፣ ጥንታዊ እመስላለሁ?»

ዛራ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «ትንሽ ከስታለች እንጂ ጥንታዊስ አይደለችም!» ብላ ጮኸች። የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ሳቀ። ኢሳይያስ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከቦዲቲ ነፊዎች እዋሳለሁ!»

«ተዋስ!»

ተዋሰም። ግን የአንድ ቤት መለከቶች የሚቆረጡት እርስ በርስ እየተለኩ ነው፤ የሌላ ቤት መለከት መሃላቸው ሲገባ አብሯቸው አይሄድም። ልምምድ ላይ የነበረች አንዲት ተወዛዋዥ፣ እግራችን የት እንደሚያርፍ ጠፋን ብላ ነገረችኝ።

በበዓሉ ቀን ልጄን አዝዬ፣ መለከቱን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጋሽ ጩማን አስከትዬ ሄድኩ። ያቀፍኩት ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቦታ አስይዤላቸው ከመድረኩ ጀርባ ዞርኩ።

«እሺ፣ እሺ፣ ይጠራል፤ አምጪው» አለ ኢሳይያስ እያላበው።

«መጀመሪያ ይጠራ።»

አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ዜማው ጩማ የተባሉ አንድ አባት...»

አንድ አባት! ስማቸውን ሰጥቶ መልሶ ሊነጥቃቸው!

«የተባሉ አይደሉም፣ ናቸው!» አልኩ ከመድረኩ ሥር። ልጄ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። «የዜማው ደራሲ ጩማ ዳና በል! እዚያ ተቀምጠዋል!»

አለ። ሙሉውን፣ ከነአባታቸው ስም። መለከቱን ከጋቢው አውጥቼ ለነፊው ሰጠሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ ጋሽ ጩማን ሲያይ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ዜማው ሲጀመር ግን ጣታቸው ጉልበታቸውን ይነካካ ነበር።

ከተማው ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ አሁንም «ደራሲው ያልታወቀ» ይላል። ማን እንዳጻፈው አጣርቼ እስክደርስበት አላርፍም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ጩማ መንገዱን ሁሉ ቀድመውኝ ሄዱ። ተቆጡኝ ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ጠዋት የሕፃኗን ልብስ ጎንበስ ብዬ ሳጥብ ግን አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካኝ። ጋሽ ጩማ ናቸው።

«አባባ፣ እኔ እኮ መንፋት አልችልም።»

«በአፍሽ በይው። የሕፃኗ ዜማ ግማሹ ቀርቷል።»

እጄ በአረፋ እንደተሞላ «ሆ» አልኩ። አንድ እርምጃ ሄዱና ተመልሰው ደግመው ነኩኝ።