በየሺአረግ ሻይ ቤት የተቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ

የሺአረግ ድሬዳዋን ያወቀቻት በባሏ ነው። ትውልዷ አሰበ ተፈሪ ነበር፤ ባሏ ሣህሉ ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበር ሥራው ወደ ዋናው ጣቢያ ሲዛወር ጓዟን ጠቅልላ ተከተለችው። የመጀመሪያውን በጋ እንዴት እንደተሻገረችው እሷም አታውቀው። ሙቀቱ ከግድግዳው የሚወጣ እየመሰላት፣ ፎጣ በውኃ ነክራ ራሷ ላይ እየጣለች ትውል ነበር። ኋላ ለመደችው። ኦሮምኛውን ከቤቷ ይዛው መጥታለች፤ ሶማሊኛውን ከቀፊራ ገበያ ቃረመችው፤ «አቦ» ማለትን ደግሞ ማን እንዳስተማራት ሳታውቅ አፏ ላይ አገኘችው።

ሣህሉ የሶማሊያ ጦር በገባበት ዓመት ከሚሊሺያው ጋር ወደ ጅጅጋ ዘመተ፤ በዚያው ቀረ። ሞቷል ብሎ የነገራት የመንግሥት ሰው የለም። ሐርጌሳ ታስሮ አየነው የሚሉ መጡ፤ ካራማራ ሥር ወድቆ አየነው የሚሉም መጡ። ለሁሉም አለቀሰች። በመጨረሻ ግን ወሬው ራሱ በሽታ ሆነባትና «ከእንግዲህ ስለ ሣህሉ እኔ ቤት ማንም ምንም እንዳያወራ» ብላ ዘጋችው። ከመንገዱ ጋር የምትዋሰነውን ክፍል ወለል አድርጋ ከፈተችና ሻይ ቤት አደረገቻት። ሻይ በወተት፣ ሳምቡሳ፣ ጧት ጧት ፉል። ከበሩ ፊት የኒም ዛፍ ስለነበር የሰፈሯ የከዚራ ሰው ፀሐይ በረድ ሲልለት እዚያ ጥላ ሥር መሰብሰብ ጀመረ።

ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አቶ ገብረ መድኅንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይኖሩ ነበር። እሳቸው የባቡር ጣቢያው ሻንጣ ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በጋሪ ነው፤ ጋሪውን የሚነዳው ዋርፋ የሚባል የመጋላ ሰፈር ሰው ነበር። ዋርፋ ረጅም፣ ሽርጥ ለባሽ፣ አንድ እግሩን ትንሽ ጎተት የሚያደርግ፣ ከሰው ይልቅ ከፈረሱ ጋር ብዙ የሚያወራ ሶማሌ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ገና ሲነጋጋ፣ የሺአረግ የሻይ ቤቷን መስኮት ስትከፍት ከአዛውንቶቹ ግቢ ሰው ሲወጣ አየች። በሩን በቀስታ መለሰና ወደ ደቻቱ ወንዝ አቅጣጫ ሄደ። እንግዳ አድሮባቸው ይሆናል ብላ ወደ ላምባ ምድጃዋ ተመለሰች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዋርፋ ጋሪውን ይዞ መጣ። አንኳኳ፣ ተጣራ፣ መልስ ሲያጣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እሷ መጣና «የሺ፣ ሽማግሌዎቹ ቀድመውኝ ሄዱ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። አልሄዱም አለችው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ የአብዮት ጥበቃ ተጠርቶ፣ በሩ ሲከፈት ሁለቱም ሞተው ተገኙ። ሰው ነው የገደላቸው።

አገሩን ሁሉ ግራ ያጋባው ግን ሳይወሰድ የቀረው ነገር ነው። የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የአንገት ወርቅ አንገታቸው ላይ ነበር። ሬዲዮው ቦታው ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሻይ ብርጭቆዎች ተቀምጠው ነበር። ያ ዘመን ደግሞ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው፤ ማታ የገባ እንግዳ እዚያው ማደሩ ነው።

ፖሊስ የዚያኑ ዕለት ጠየቃት። «ሰው ሲወጣ አይቻለሁ» አለች።

«ረጅም ነው አጭር?»

«እንጃ።»

«ምን ለብሷል?»

«አላስተዋልኩም ጌታዬ። ጀርባውን ነው ያየሁት፤ ገና ጨለምለም ያለ ነበር።»

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሺአረግም በሰላም በኖረች። ግን ያን ጊዜ ሰው ስለ መንግሥት አያወራ፣ ስለ ጦርነቱ አያወራ፣ ስለ ታሰረ ዘመዱ አያወራ፤ ይህ ግድያ ድምፁን ሳይቀንስ ሊያወራው የሚችለው ነገር ሆነለት። በተለይ ሦስት ሰዎች ከሻይ ቤቷ የማይጠፉ ሆኑ። አንደኛው ጋሽ በቀለ ነው፤ ዕድሜውን በባቡሩ ቴሌግራፍ ቤት የጨረሰ፣ ነገር መገጣጠም የሚወድ ጡረተኛ። ሁለተኛው ኢስማዒል፣ ሱቁ ከሻይ ቤቷ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ልብስ ሰፊ። ሦስተኛዋ ዛምዛም፣ መጋላ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ፣ የመጋላን ወሬ በየቀኑ ትኩስ ትኩሱን የምታደርስ ሴት። ኢስማዒል አንድ ቀን እየሳቀ «በየመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ አለ፤ እኛም መርማሪ ኮሚቴ እንሁን እንጂ አቦ!» አለና ስሙ በዚያው ጸና። ሰው ከሳቢያን ሰፈር ሳይቀር «ኮሚቴው ዛሬ ምን አለ?» እያለ ይመጣ ጀመር።

መጀመሪያ የገደላቸው ደሴ ያለ የወንድም ልጅ ነው፣ ለውርስ ብሎ ነው አሉ። የወንድም ልጅ እንደሌላቸው ሲታወቅ፣ ኮንትሮባንዲስቶች ናቸው፣ ሽማግሌው በሻንጣ ክፍል ዘመናቸው የሚያውቁት ነገር ነበር አሉ። አንድ ሰው «ቤቱን የፈለገው ቀበሌው ቢሆንስ?» ብሎ ጀምሮ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እያንዳንዱ ወሬ ዞሮ ዞሮ ግን የሺአረግ ላይ ያርፋል፤ ያየችው እሷ ናትና።

«የሺ፣» አለ ጋሽ በቀለ አንድ ቀን፣ «ሰውየው ሲወጣ ራሱ ከግቢው በር በላይ ነበር ወይስ በታች?»

«እንጃ ጋሽ በቀለ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚና አስቢ እስቲ።»

ጨፈነች። «እኩል መሰለኝ።»

«በሩ ረጅም ነው። ስለዚህ ሰውየው ረጅም ነው!»

ዛምዛም ቀጠለች፤ «ሽርጥ ነበር ያደረገው ወይስ ሱሪ?»

«ሽርጥ... ሽርጥ መሰለኝ።» ይህን ስትል ሽርጡ ፊቷ ድቅን አለባት፤ ሰማያዊ፣ መስመር ያለው። ያን ጧት ያየችው ይሁን አሁን የመጣላት አልለየላትም።

ሌላ ቀን ጋሽ በቀለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲራመድ አያነክስም ነበር?» አላት። የማንንም ስም አልጠራም። የሺአረግ ዝም አለች። ልታስብ ነበር ዝም ያለችው። ኮሚቴው ግን እርስ በርሱ ተያየ።

ሳምንት ሳይሞላ ቀፊራ ቲማቲም ስትመርጥ ሻጯ «ሰማሽ ወይ?» አለቻት። «የሽማግሌዎቹ ገዳይ ረጅም፣ ሽርጥ ለባሽ፣ አንካሳ ነው አሉ። ፊት ለፊት የምትኖር ሴትዮ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች!»

«ውይ!» አለች የሺአረግ ደንግጣ። «ማናት እሷ?»

ቲማቲሟን ይዛ ጥቂት እንደሄደች ነው ሴትዮዋ እሷው መሆኗ የገባት። ተመልሳ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ልትል አሰበች፤ ግን ብላ እንደሆነስ? «መሰለኝ» ብላለች። ዝም ብላለች። ማታ ስትተኛ ያን ሰው ልታስታውሰው ሞከረች፤ በሩን ሲመልስ፣ ሲሄድ፣ አንድ እግሩን ጎተት ሲያደርግ ታያት። ዞር ሲል ፊቱ የዋርፋ ነበር። ያን ጧት ግን ማንም አልዞረም።

ፖሊሶች ዋርፋን ወሰዱት። የታሰረበት ቀን ሻይ ቤቷ እንደ ሠርግ ቤት ሞላ። ጋሽ በቀለ እጅ እየተጨበጠ ተቀመጠ፤ ኢስማዒል ብቻ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና «እኛ ስንጫወት ሰው ታሰረ» ብሎ ወደ ሱቁ ገባ። ከዚያ በኋላ ከኮሚቴው ጋር አልተቀመጠም።

በማግሥቱ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ በተከተተበት ሰዓት፣ አንዲት ቀጭን ሴት በሩ ላይ ቆመች። ደሄቦ ነበረች፣ የዋርፋ ሚስት። የሺአረግ ልትሳደብ የመጣች መስሏት ወደ ኋላ አለች።

«አባዮ፣» አለቻት ደሄቦ፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ልጣላሽ አልመጣሁም። ያየሽውን ንገሪኝ። እሱ ከሆነ እኔም ልወቀው።»

«ቁጭ በይ» አለቻት የሺአረግ። ውኃ አቀረበችላት። «አንቺ ታውቂ የለ? ያን ሌሊት የት ነበር?»

«እኔ እናቴ ጋር ገጠር ነበርኩ፣ ቢዮ አዋሌ። ቤት ተኛሁ ይላል። ማን አየው? ፈረሱ።» ፈገግ ልትል ሞከረችና አልቻለችም። «ወላሂ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከተማው ሁሉ እሱ ነው ሲል፣ ያቺ ሴት አይታዋለች ሲል፣ ሌሊት ሌሊት እኔም አስባለሁ። ባሌን አላወቅሁት ይሆን እላለሁ።»

የሺአረግ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔም አላውቅም እህቴ» አለቻት። «መጀመሪያ የማውቀው ትንሽ ነገር ነበር። አሁን እሱም ጠፋኝ።»

ጣቢያ የተጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። መርማሪው መቶ አለቃ ዋርፋን አስመጣው። ከስቷል፤ ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ያየሽው ይኸ ነው አይደል?» አላት መቶ አለቃው።

«ያን ጧት አይቼዋለሁ ጌታዬ።»

«ሲወጣ?»

«ሲያንኳኳ።»

«ከዚያ በፊት የወጣውስ?»

«አሁን ሳስታውሰው እሱን ይመስላል። ያን ጧት ግን እሱን አልመሰለኝም ነበር።»

«ምን ማለት ነው ይኸ?»

«እኔም አላውቅም። ዋርፋን ስንት ዓመት የማውቀው ሰው ነው። እሱ ቢሆን ያኔውኑ ዋርፋ ነው እል ነበር፤ እንደዚያ ነው የማስበው። ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው እሱ ነው።»

«ለከተማው ሁሉ ያወራሽውን ለሕግ ትደብቂያለሽ?» ጠረጴዛውን መታው። «ወይ ነው በይ፣ ወይ አይደለም በይ!»

«ነው ብል እዋሻለሁ። አይደለም ብልም እዋሻለሁ።»

ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሲመሽ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ «ሂጂ፣ አስበሽ ነይ» አሏት። ደጋግመው ጠሯት፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ዋርፋ ክረምቱን ታስሮ ከረመና ማስረጃ ሲጠፋ ተለቀቀ።

ጋሽ በቀለ ግን አኮረፋት። «አንቺው ነግረሽን አንቺው ካድሽ!» አላት በሰው ፊት።

«እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ ጋሽ በቀለ። እኔ መሰለኝ ነው ያልኩት።»

«መሰለኝ ያልሽው ምን አይተሽ ነው ታዲያ?»

እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሟቾቹን ይወዳቸው ነበር፣ ገዳያቸው እንዲገኝ ከልቡ ይፈልግ ነበር። ሻዩን ሳይነካው ተነሥቶ ሄደ፤ ኮሚቴው በዚያው ተበተነ። ወሬው ግን አልተበተነም፤ ዞሮ ወደ እሷ መጣ። ዋርፋን ያዳነችው በከንቱ አይደለም አሉ። ያ ሦስተኛው ብርጭቆ የእሷ ሻይ ቤት ብርጭቆ ነው አሉ። ይህን የሰማች ዕለት የሺአረግ መደርደሪያዋ ፊት ቆማ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ አነሣች። ድሮ ስንት እንደነበሩ፣ ስንቱ እንደተሰበሩ አላወቀችም። ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ ብርጭቆ አውሼያቸው ነበር እንዴ ብላ ራሷን ጠረጠረች።

ደንበኛዋ ቀነሰ። የአዛውንቶቹን ቤት ቀበሌው ለሌላ ሰው ሰጠው፤ መስኮቱ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቀለ። ዋርፋ ከዚራ ውስጥ ጋሪውን የሚሳፈርለት ሰው ሲያጣ ቤተሰቡን ይዞ ቢዮ አዋሌ ገባ። ገዳዩ አልተገኘም፤ እነሆ እስከ ደርግ መውደቂያ ድረስ አልተገኘም።

ደሄቦ ግን መምጣቷን አልተወችም። ወተት ይዛ ከተማ ስትወርድ የሺአረግ ዘንድ ሳታርፍ አትመለስም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ። ስለዚያ ነገር የጠየቀቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«አባዮ፣ ዛሬም አታውቂም?»

«ዛሬም አላውቅም።»

«ሃዬ» አለች ደሄቦ፣ እሺ እንደማለት፤ ወተቱን መገልበጥ ቀጠለች።

የደሄቦ ትልቋ ልጅ ስትዳር የሺአረግ ተጠራች። ልሂድ አልሂድ ስትል ሰነበተችና ነጠላዋን አጣጥፋ በጭነት መኪና ቢዮ አዋሌ ሄደች። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ከሴቶቹ መሃል አስቀመጧት። የፍየል ሥጋ ያለበትን የሩዝ ትሪ ይዞ የመጣው ዋርፋ ራሱ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ዝቅ ብሎ ፊቷ አኖረው፤ የተሻለውን ሥጋ በእጁ መርጦ ወደ እሷ አስጠጋላት።

«ብዪ እንጂ የሺ።»

ቀና ብላ አየችው። ይህ ሰው በእሷ ወሬ አንድ ክረምት ታስሮ የተፈታ ምስኪን ነው፤ ወይም ያን ጧት ከግቢው የወጣው ሰው ነው። ፊቱን ስታየው ሁለቱም እኩል ሆኑባት። እሱም ቆሞ ይጠብቃታል፤ ምን እንደሚጠብቅ አላወቀችም።

«እበላለሁ» አለችና እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።